ፍቺው ተወሰነ፤ ክፍፍሉስ?

በ2011 ዓ.ም. የጥምቀትን በዓል ያከበርኩት በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ በመካነ ኢየሱስ ነበር። ያደግኩባት ከተማ ስለሆነች በዓል ሲመጣ እግሬ ወደዚያው ይወስደኛል። ከበዓሉ አራት ቀናት አስቀድሞ፣ ጥር 7 ቀን፣ የእንግሊዝ ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ተደራድረው ያመጡትን የመውጫ ስምምነት በ432 ለ202 ድምፅ ጥሎት ነበር። በዚያች አገር የቅርብ ዘመን ታሪክ አንድ መንግሥት በምክር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሽንፈት ደርሶበት አያውቅም። ወሬው በሬዲዮ ሲነገር አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት የጠላ ዋንጫቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም እንዴ?» አሉኝ። «ሰማንያ ሲፈርስ እኮ መጀመሪያ ከብቱ ይቆጠራል፣ እህሉ ይሰፈራል፣ ዕዳው ይነገራል፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚያድሩ ይወሰናል። እነሱ ግን ተፋትተናል ብለው ካወጁ በኋላ ነው መቁጠር የጀመሩት።»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ምን ያስቅሃል? እኛስ መቼ ቆጠርን?» አሉኝ።

አዛውንቱን የከተማው ሰው አሥር አለቃ እያለ ነው የሚጠራቸው። ከአሥር ዓመት በላይ በኤርትራ በሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ውስጥ አገልግለዋል። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲፈርስ በከሰላ በኩል ሱዳን ገብተው፣ ከዚያ በብዙ ስቃይ ወደ እስቴ የተመለሱ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ያነሱት ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። እንግሊዞች በመሪዎቻቸው ለምን እንደዚያ ተማረሩ? የእኛስ ምሬት ምን ይመስል ነበር?

ነገሩን ለማስታወስ ያህል፣ ዴቪድ ካሜሮን ሕዝበ ውሳኔ እንደሚያካሂዱ ቃል የገቡት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 ነበር። በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያታቸው በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ ለዓመታት የዘለቀውን ጭቅጭቅ አንድ ጊዜ መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 ድምፅ ተሰጠ፤ 51.9 ከመቶው እንውጣ፣ 48.1 ከመቶው እንቆይ አለ። በማግሥቱ ካሜሮን ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የነበረው ጥያቄ መቆየት ወይስ መውጣት የሚል ብቻ ነበር። ንግዱ በምን ሕግ እንደሚተዳደር፣ በሁለቱ አየርላንዶች መካከል ኬላ ይቆም እንደሆነ፣ በእንግሊዝ የሚኖሩት ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ የአውሮፓ ዜጎች ዕጣ ምን እንደሚሆን ወረቀቱ አይናገርም። እንውጣ ያሉትም እያንዳንዳቸው በልባቸው የተለያየ መውጫ ይዘው ነበር።

ቴሬዛ ሜይ የሊዝበን ስምምነት አንቀጽ 50ን እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2017 ሥራ ላይ አዋሉት። አንቀጹ የሁለት ዓመት ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ አባላቱ በሙሉ ድምፅ ካላራዘሙት በቀር አገሪቱ ተስማማችም አልተስማማችም ትወጣለች። ሰዓቱ መቁጠር ከጀመረ በኋላ ሜይ ምርጫ ጠርተው የነበራቸውን አብላጫ መቀመጫ አጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቴሌቪዥን ያልተከታተለ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስምምነቱ በጃንዋሪ ወደቀ፣ በማርች 12 ወደቀ፣ መውጫ ቀን በነበረው በማርች 29 ቀን 2019 ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ። በመሀሉ የምክር ቤቱ አባላት ራሳቸው ስምንት አማራጮች አቅርበው ስምንቱንም ጣሉ።

የሕዝቡ ንዴት የታየው በዚህን ጊዜ ነው። መውጣቱ ይሰረዝ በሚል ማመልከቻ ላይ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈረሙ። በሌላ በኩል ደግሞ የተመሠረተ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው የብሬግዚት ፓርቲ በዚያው ዓመት በሜይ በተደረገው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ አንደኛ ሲወጣ፣ አገር የሚመራው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ከ10 ከመቶ ያነሰ ድምፅ አግኝቶ አምስተኛ ሆነ። መቆየት የሚፈልገውም መውጣት የሚፈልገውም እኩል ተናደደ ማለት ነው። ቦሪስ ጆንሰን መጥተው ምክር ቤቱን ለሳምንታት ሲዘጉት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ11 ዳኞች ሙሉ ድምፅ ድርጊቱ ሕገወጥ ነው አለ። በዲሴምበር 2019 ሕዝቡ ለጆንሰን ከፍተኛ አብላጫ የሰጣቸው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከፍቅር ይልቅ ከድካም የተነሳ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች። ከ2016 እስከ 2024 ድረስ ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ለአሥር አለቃው ጥያቄ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። አውሮፓውያኑ ድርድሩ ሲጀመር ቅደም ተከተል አስቀምጠው ነበር። የዜጎች መብት፣ የገንዘብ ሒሳብ፣ የአየርላንድ ድንበር፤ እነዚህ ሦስቱ በቂ መቋጫ ሳያገኙ ስለ ንግድ አናወራም አሉ። ሒሳቡ ወደ 39 ቢሊዮን ፓውንድ ተገመተ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የወጣው ረቂቅ ስምምነት 585 ገጽ ሲሆን ማንም ሰው ማንበብ ይችል ነበር። እንግሊዞች የተናደዱት ሰነዱ ተደብቆባቸው አይደለም፤ ሁሉም በአደባባይ እየተነበበ መሪዎቻቸው መወሰን ስላቃታቸው ነው።

የእኛን ስናይ መልኩ ይለያል።

ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። ፌዴሬሽኑ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ የኤርትራ ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥበት አልተጠየቀም። የሠላሳ ዓመቱን ጦርነት አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ የኤርትራ ሕዝብ ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የሰጠውን ድምፅ ለመሞገት አይደለም ይህን የምጽፈው። የእኔ ጥያቄ በግንቦት 1983 ዓ.ም. እና በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. መካከል ባሉት ሁለት ዓመታት ላይ ነው። አንቀጽ 50 ለእንግሊዝ የሰጣትም ይህንኑ ያህል ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሰኔ 24 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የተከፈተው የሰላምና የሽግግር ጉባዔ የሽግግር ቻርተሩን አጸደቀ። የኤርትራ ዕጣ በሁለት ዓመት ውስጥ በሕዝበ ውሳኔ እንዲወሰንም ተስማማ። ሻዕቢያ በጉባዔው ላይ የተገኘው በታዛቢነት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው የተገኙት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይህ ጉባዔ ስለ አገሪቱ መለያየት የመወሰን ውክልና የለውም የሚል አቋም ይዘው ቻርተሩን ሳይፈርሙ ቀሩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን ማለት ይቻላል። በኋላ የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መርተው፣ በሌሎች ክሶች ለዓመታት ታስረው፣ በግንቦት 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አረፉ።

የዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊን ወደ አዲስ አበባ መምጣት ተከትሎ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሕዝበ ውሳኔውን አካሄድ በመቃወም ሰልፍ ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ የተማሪ ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፕሮፌሰር አሥራትን ጨምሮ 42 መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ የወጣው በዚያው ዓመት በጥቅምት ስለነበር፣ ምሬቱ በአዲሶቹ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ በሰፊው ይጻፍ ጀመር። እስቴ ግን ጋዜጣ አይደርስም ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ፤ ማታ ማታ ከአዋቂዎች ጋር ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማለሁ። የተመለሱት ወታደሮች ስለ ከረን፣ ስለ ናቅፋ፣ ስለ ምፅዋ ሲያወሩ እንደ ጎረቤት ቀበሌ ነበር የሚጠሯቸው። ሬዲዮኑ ስለ ሕዝበ ውሳኔው ሲያወራ ግን ዝም ይላሉ። ልጅ ስለነበርኩ ዝምታቸውን እንደ መስማማት ቆጥሬው ነበር።

ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢነት ድምፅ ተሰጠ። ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ነፃነትን ሲደግፉ የተቃወሙት ከ2 ሺህ አይበልጡም፤ 99.8 ከመቶ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኤርትራውያንም ድምፅ ሰጥተዋል፤ ከ57 ሺህ በላይ ይሆናሉ። ግንቦት 16 ነፃነቱ ታወጀ፤ ግንቦት 20 ኤርትራ የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። ሁለቱ ቀናት የሁለቱ ድርጅቶች የድል በዓላት መሆናቸው ያኔ ብዙ ሰው አስገርሞ ነበር።

ታዲያ ምን ተቆጠረ? የትብብር ስምምነቶች አልተፈረሙም ማለት አይቻልም። አሰብ ለኢትዮጵያ ነፃ ወደብ ይሆናል ተባለ፣ ብር የጋራ መገበያያ ሆኖ ቀጠለ፣ ሰው እንደ ልቡ ተመላለሰ። ችግሩ ይህ ሁሉ የቆመው በሁለት የትጥቅ ትግል ጓዶች መተማመን ላይ መሆኑ ነው። በአደባባይ ለክርክር የቀረበ የመለያያ ውል አልነበረም።

በዚያን ጊዜ የነበሩትን መሪዎች ለመከላከል የሚቀርበውን ክርክር አውቀዋለሁ። ሻዕቢያ ኤርትራን በጦር ኃይል ተቆጣጥሯል፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ፈርሷል፣ አገሪቱ በጦርነት ደቃለች፤ ታዲያ በምን አቅም ነው የሚደራደሩት? የሚል ነው። እኔ ግን ነገሩን በተቃራኒው ነው የማየው። ወሰንንና ገንዘብን በወረቀት ላይ ለማስቀመጥ ከወዳጅነት ጊዜ የተሻለ ጊዜ የለም። ሽማግሌዎቹም ከብቱን የሚቆጥሩት ባልና ሚስቱ ገና ሳይደባደቡ ነው።

ገንዘቡን እንመልከት። ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ናቅፋን አሳተመች። ሁለቱ ገንዘቦች እኩል ዋጋ ይዘው በሁለቱም አገሮች ይሠራሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ የብር ኖቶቿን ለወጠችና፣ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ የድንበር ንግድ በውጭ ምንዛሪና በባንክ መተማመኛ ሰነድ ይሁን አለች። ለአምስት ዓመት ያህል ሳይነሳ የቆየው ሒሳብ በአንድ ጊዜ ጠብ ሆነ። ወራት ሳይቆይ፣ ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ የኤርትራ ጦር ባድመን ያዘ።

ወሰኑም እንዲሁ። በ1985 ዓ.ም. ድንበሩ መሬት ላይ አልተተከለም፤ የነበሩት እ.ኤ.አ. የ1900፣ የ1902 እና የ1908 የአፄ ምኒልክና የጣሊያን ውሎች ናቸው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ካለቀ በኋላ ነው፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት፣ እነዚያን ውሎች የሚተረጉም የድንበር ኮሚሽን የተቋቋመው። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሲሰጥ የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቶ ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ እንደተወሰነች ለሕዝብ አስታወቁ፤ በአዲስ አበባም ደስታ ሆነ። ባድመ ግን የተወሰነችው ለኤርትራ ነበር። እንግሊዞች ስለ አየርላንድ ድንበር በቀጥታ ሥርጭት ሲነታረኩ ሳይ ይህቺን ቀን አስታውሳለሁ። ንትርካቸው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን በማግሥቱ አንድ ሰው መጥቶ ትናንት የተነገራችሁ ተገላቢጦሹ ነው አይላቸውም።

ከሁሉ የከፋው የሰው ጉዳይ ነው። በ1985 ዓ.ም. ድምፅ ለመስጠት የኤርትራ ዜግነት መታወቂያ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በጎንደር የሚኖረው ኤርትራዊ መታወቂያውን አውጥቶ፣ ድምፁን ሰጥቶ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱም በእጁ ነበር። ዜግነትህ የትኛው ነው ብሎ የጠየቀው የለም። ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1996 እነዚህ ሰዎች አንዱን እንዲመርጡ ይደረግ ብለው ቢስማሙም አፈጻጸሙን አቆዩት። ጦርነቱ ሲነሳ ያ ድምፅ ማስረጃ ሆኖ መጣ። ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወጡ፤ ብዙዎቹ ቤትና ሱቃቸውን እንደተቆለፈ ትተው። ከኤርትራም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተፈናቀሉ። የይገባኛል ኮሚሽኑ በኋላ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ድምፅ የሰጡት ሰዎች የሁለት አገር ዜጎች እንደነበሩ ነው የደመደመው። ይህን ግን በ1985 ዓ.ም. በግልጽ የነገራቸው አልነበረም።

ከዚህ ልምድ ተምረን እንደሆነ ለማየት ሕገ መንግሥቱን ገለጥ ማድረግ ይበቃል። አንቀጽ 39 የመገንጠል መብትን ሲሰጥ ሥርዓቱንም አስቀምጧል። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጠይቅ፣ የፌዴራል መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ በአብላጫ ድምፅ ከተደገፈ ሥልጣን ይተላለፋል፤ የንብረት ክፍፍሉ በሕግ በሚወሰነው መሠረት ይፈጸማል። ክፍፍሉ የመጨረሻው ፊደል ላይ ነው ያለው፤ ከድምፁም ከርክክቡም በኋላ። ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል የለችም፤ ከክልሉ ውጭ ስለሚኖሩ ተወላጆች ዜግነትም እንዲሁ። አውሮፓውያኑ በመጀመሪያው ረድፍ ያስቀመጡትን እኛ መጨረሻ ላይ አንጠልጥለነዋል።

በ2010 ዓ.ም. የተደረገው ዕርቅ ሌላ ዕድል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድና ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ ሐምሌ 2 ቀን በአሥመራ ሲፈርሙ፣ ስልኩ ሲከፈት፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲነሳ ያላለቀሰ ሰው ጥቂት ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። የጉምሩክ ቀረጡ፣ የምንዛሪው ተመን፣ የመኪናው ፈቃድ በምን ደንብ እንደሚሠራ ግን የወጣ ነገር አልነበረም። ታኅሣሥ መጨረሻ ሳይደርስ ዛላምበሳ ላይ ፈቃድ የሌለው ኢትዮጵያዊ ይመለስ ጀመር፤ በዚያው ዓመት መሻገሪያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ለምን እንደተዘጉ ከሁለቱም ወገን በቂ መግለጫ አልተሰጠም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሥመራ በረራም ጳጉሜን ሳይጠባ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተቋረጠ። ዛሬ ስለ አሰብና ስለ ባሕር በር በየስብሰባው ስንሰማ፣ ብዙዎቻችን በ1985 ዓ.ም. ሊነሳ ይገባው የነበረ ጥያቄ በተሳሳተ ሰዓት እንደመጣ ይሰማናል።

ወደ መካነ ኢየሱስ ልመለስ። አሥር አለቃው የዚያን ዕለት ጠላቸውን ጨርሰው አብረን ስንወጣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጡ። ደቀመሐሪ ላይ ከአንዲት የአገሩ ተወላጅ የወለዷት ልጅ ነበረቻቸው። በ1983 ዓ.ም. ሲለዩ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወረቀቷ ላይ ያለው የእናቲቱ ዘመድ ይሠራበት የነበረ ሱቅ ስልክ ቁጥር ነው።

«ስልኩ የተከፈተ ጊዜ እዚህ ፖስታ ቤቱ አካባቢ ያሉትን ልጆች አስደውዬ ነበር፤ አይሠራም አሉኝ» አሉ። «ቁጥሩ ተቀይሮ ይሆናል። ከጥምቀት በኋላ በመኪና ልሄድ አስቤ ነበር፤ አሁን ደግሞ ዛላምበሳ ላይ ይመልሳሉ አሉ። አንተ አዲስ አበባ ስላለህ፣ የድሮ ቁጥር ወደ አዲስ የሚቀየርበት ደንብ ካለ ጠይቅልኝ።»

«እጠይቃለሁ፣ አሥር አለቃ። አውሮፕላን ግን አለ እኮ፤ ለምን በአውሮፕላን አይሞክሩም?» አልኳቸው።

«በአንድ በሬ ዋጋ?» አሉና ወረቀቷን በእጄ አስያዙኝ። «ቆይ፣ ገልብጠውና ዋናውን መልስልኝ።»

ቁጥሩን በማስታወሻዬ ገልብጬ ወረቀቷን መለስኩላቸው። አዲስ አበባ ገብቼ በአሥመራ ኮድ ከነሙከራው ስምንት ጊዜ ያህል ደወልኩ፤ መጀመሪያው ላይ ቁጥር እየጨመርኩም ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ነበር፤ ያነሳው ሰው ግን በትግርኛ ተሳስተሃል አለኝ።